ለፍጥረት ሁሉ መራራት
(ስለ ቡድሃ ትምህርት ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቡድሃ ትምህርት ነው። «ይህ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። በየሞሻቡ ቲማቲምና ቃሪያ ከሚለቅሙት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከታይላንድ የመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹም የዚህ ትምህርት ተከታዮች ናቸው። ልጆቻችሁም ነገ የውትድርና አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ፣ እንደ ብዙ ጓደኞቻቸው «ህንድ አገር ደርሼ ልምጣ» ይሏችሁ ይሆናል። አጠገባችን የሚሠራውን ሰው ምን እንደሚያምን ሳንጠይቅ ብንንቀው፣ በእኛ ላይ ሲደረግ የሚያስከፋንን ነገር በሌላው ላይ አደረግን ማለት ነው።

ቡድሃ የተባለው ሲዳርታ ጎታማ የኖረው ከዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የተወለደው ዛሬ ኔፓል በሚባለው አገር፣ ሉምቢኒ በተባለ ቦታ እንደሆነ ይነገራል። የባለሥልጣን ልጅ ነበር፤ እርጅናን፣ በሽታንና ሞትን ባየ ጊዜ የተደላደለ ቤቱን ትቶ ወጣ ይባላል። የትምህርቱ ሥር ይህ ነው፦ ነፍስ ያለው ሁሉ መከራን ይሸሻል። ዱላ እኔን እንደሚያመኝ በሬውንም ያመዋል። ስለዚህ ለምእመናኑ ከተሰጡት 5 ትእዛዛት የመጀመሪያው ነፍስ ያለውን አለመግደል ነው፤ ይህም ጉንዳንን ሳይቀር ይጨምራል። መነኮሳቱ በዝናብ ወራት ለ3 ወር ከአንድ ቦታ የማይርቁት ቡቃያውንና ትናንሾቹን ነፍሳት እንዳይረግጡ ነው። የሚጠጡትንም ውሃ በጨርቅ ያጠሉ ነበር።

ርኅራኄ በምኞት ብቻ አይገኝም፤ ይለመዳል ይላሉ። በ5ኛው መቶ ዘመን በስሪላንካ የጻፈው ቡድሃጎሳ የሚባል መምህር አለማመዱን በቅደም ተከተል አስቀምጦታል። ሰው ጸጥ ብሎ ተቀምጦ በመጀመሪያ ለራሱ ደኅንነትን ይመኛል፤ ቀጥሎ ለሚያከብረው መምህር፣ ለወዳጁ፣ ከዚያ ለማያውቀው መንገደኛ፣ በመጨረሻም ለጠላቱ። ይኸው መምህር አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨምራል። የርኅራኄ ግልጽ ጠላት ጭካኔ ነው፤ ርኅራኄ መስሎ የሚገባው ግን ሐዘን ነው። ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው የተራበውን አያበላምና።

ይህን ትምህርት ወደ መንግሥት ሥራ ያስገባው የህንዱ ንጉሥ አሾካ ነው። ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ261 ገደማ ካሊንጋ የሚባለውን አገር ወጋ። ራሱ በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ 100,000 ሰው እንደተገደለ፣ 150,000 ሰው እንደተጋዘ፣ በዚህም እጅግ እንደተጸጸተ ይናገራል። በሌሎች ጽሑፎቹ እንደሚገልጸው ለሰውም ለእንስሳም ሕክምና እንዲደረግ አዘዘ፤ በየመንገዱ የውኃ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ዛፍም አስተከለ። በየቀኑ እጅግ ብዙ እንስሳ ይታረድበት በነበረው በቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤትም ዕርዱን ወደ 2 ጣዎስና 1 አጋዘን አወረደው፤ እነርሱም ወደፊት እንደሚቀሩ አስታወቀ።

ታዲያ ሁሉም ሥጋ አይበሉም ማለት አይደለም። የቻይና መነኮሳት ከሥጋ ይርቃሉ። በታይላንድ ግን ለእነርሱ ተብሎ ያልታረደ ከሆነ መነኮሳቱ የተሰጣቸውን ይበላሉ። በብርዳማው የቲቤት ደጋ እህልና አትክልት እንደልብ ስለማይበቅል ሥጋ መብላት የቆየ ልማድ ነው።

ወገኖቼ፣ ለእንስሳ መራራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ኦሪት በሬውና አህያው በሰንበት እንዲያርፉ ታዝዛለች፤ የሚያበራየውን በሬ አፉን ማሰርም ትከለክላለች። ገበሬ የነበራችሁ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ልዩነቱ መነሻው ላይ ነው። እኛ የምንጠብቀው የፈጣሪ ትእዛዝ ስለሆነ ነው፤ እነርሱ ግን ፍጥረት ሁሉ ተመልሶ እንደሚወለድና በመከራ አንድ እንደሆነ ስለሚያምኑ ነው። የሌላውን እምነት ማወቅ የራስን መተው አይደለም።

እንግዲህ ከታይላንድ የመጣ ሠራተኛ ሁለት እጁን ገጥሞ ጎንበስ ቢልላችሁ ሰላምታው ነውና በፈገግታ መልሱለት። ልጁን ብታዩም ራሱን አትዳብሱ፤ በእነርሱ ዘንድ ራስ የተከበረ ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በደረሰው ጥቃት ከታይላንድ የመጡ የእርሻ ሠራተኞችም እንደተገደሉና እንደታገቱ አትርሱ። ለእንጀራ ብሎ ከአገሩ የራቀን ሰው ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል?