ማፍላት የማያጠፋው ነገር
(በሸዋ ሮቢት ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በየመንደሩ ስንዞር «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» እያልን ስናስተምር ኖረናል። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነበር። ማፍላት የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ክሮምየምን፥ እርሳስንና መዳብን ግን አያጠፋም። ውኃው እየተነነ ሲያንስ ብረቱ እዚያው ይቀራል። ይህን ቀድመን ባለመንገራችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከእኛ በፊት የሚጎዱ አሉ። የኩሬ ውኃ በብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን ብታዩት፥ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ፥ እየዘለሉ የሚዋኙ ፍጥረታት ታገኛላችሁ። ዙፕላንክተን ይባላሉ፤ አንዳንዶቹ ስለሚዘልሉ የውኃ ቁንጫ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል (ሰው አይነክሱም፤ አትስጉ)። እነርሱ አልጌ ይበላሉ፤ የቆሮሶ ጫጩቶች ደግሞ እነርሱን ይበላሉ። መዳብና ካድሚየም በጥቂቱ እንኳ ይፈጃቸዋል፤ ባይገድላቸውም መራባታቸውን ይቀንሳል። የተረፉትም በሰውነታቸው የያዙትን ለሚበላቸው ዓሣ ያወርሳሉ።

አዋሽን እንመልከት። የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ በኩል፥ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ደግሞ በሞጆ ወንዝ፥ ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ወደ ተሠራው ቆቃ ሐይቅ ይወርዳል። አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮምየም ጨው ነው። ብረት አይበሰብስም፤ በጭቃው ውስጥ ዘቅጦ ይቀመጥና ጎርፍ ሲያናውጠው ተመልሶ ይነሣል። በባሕር ዳርቻ ጨዋማ ውኃ በሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎች ሥር ያለው ጭቃም እንዲሁ ብረት ያጠራቅማል።

«የሮቢ ወንዝ ከቆቃ አይመጣም፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፥ አይመጣም። የእኛ ወንዝ ከተራራው ወርዶ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ስለዚህ እዚህ ላኪዎቹ እኛው ነን፥ ከታች ደግሞ የአፋር ጎረቤቶቻችንና ከብቶቻቸው አሉ። ለቲማቲም በሽታ ከሚረጩት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው። ገበሬው መርጫውን በመስኖ ቦይ ሲያጥብ አይተን ዝም ብለናል፤ በራሳችን ማሳያ እርሻም ያንኑ አድርገናል። የመኪና ባትሪ ሰብሮ ውስጡን ወደ ቦይ የሚደፋም እርሳስ እየደፋ ነው።

ከእንግዲህ ጉድጓድ ስናስቆፍር ውኃውን ለተሕዋስያን ብቻ ሳይሆን ለብረትም እናስመረምራለን። እናንተም የመርጫ እጣቢውን ከቦይ አርቃችሁ በዚያው በተረጨው ማሳ ላይ መልሳችሁ እርጩት። አሮጌ ባትሪ ሳትሰብሩ ወደ ፕሮጀክቱ መጋዘን አምጡ፤ የተሰበረ ከሆነም በባዶ እጅ አትንኩት፥ ልጆችን አስይዛችሁ አትላኩ።