ስለ ተማሪ አደራ
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)



ሕንፃ በድንጋይና በእንጨት ይታደሳል፤ የሚረከበው ትውልድ ግን አደራን ካልለመደ ሕንፃው ያለ ጠባቂ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ በዓል ስለ ልጆች አስተዳደግ ጥቂት መናገር የተገባ ነው።

የቅኔ ቤት፥ በዋሸራም ቢሆን በጎንጅም ቢሆን በዋድላም ቢሆን፥ ተማሪን በሰዋስውና በቅኔ ብቻ አላሳደገውም። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይሠራል፤ ውሃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ይለምናል። በዕውቀት የቀደመውም ለኋለኛው ያስቀጽላል።

የዚህ ሥራ ምስጢሩ ምንድን ነው ቢሉ፥ ጉድለቱ ወዲያው በባልንጀራ ላይ መታየቱ ነው። ትምህርቱን ያላጠና ራሱን ይጎዳል፤ በተራው ውሃ ያልቀዳ ግን ጓደኞቹን ሁሉ በጥም ያሳድራል። ለምኖ የሚመለሰውም ተማሪ የታመመውን ጓደኛውን ድርሻ በመንገድ ቢበላ የሚያየው የለም። ቁራሹን ሳይሸሽግ ያቀረበ ልጅ ነገ ሙዳየ ምጽዋት ቢሰጡት አያጎድልም።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ትልልቆቹ ሸክማቸውን በታናናሾቹ ላይ ይጭናሉ፤ ረኃቡና ብርዱም ብዙ ልጅ ከትምህርቱ አስቀርቷል። የሚወደደው አደራው እንጂ መከራው አይደለም።

ዘመናዊው ትምህርትም ይህን አልዘነጋም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ የሚበዙትም መምህራን ሆነው ነበር።

ዛሬ ግን ብዙ ወላጅ ልጄ ይማርልኝ ሲል ልጁን ከሥራ ሁሉ ይከለክለዋል። ልጁም በፈተና ከ100 100 ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በእጁ የሚጠበቅ አንዳች ነገር ከሌለ አደራ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ያድጋል።

እንግዲህ በትምህርት ቤትም በሰንበት ትምህርት ቤትም፥ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለእያንዳንዱ ልጅ እውነተኛ ሥራ ይሰጠው። አንዱ የመጻሕፍቱን ሣጥን ቁልፍ ይያዝ፤ አንዱ ችግኙን ያጠጣ፤ አንዱ መዋጮውን ይመዝግብ፤ አንዱ ለታናሹ ፊደል ያስቆጥር። ሥራው በተራ ይሁን፤ በወሩም መጨረሻ ሒሳቡን በባልንጀሮቹ ፊት ያቅርብ። ለቅጣት የተሰጠ ሥራ ግን አደራ አይባልም፤ ልጁን ሥራ ያስጠላዋልና። መምህሩም ልጁ የረሳውን ፈጥኖ አይሥራለት፤ ችግኙ ሲጠወልግ ይመልከት፥ ራሱም ይተካው።

አባቶች ጠብቀው ያቆዩት የዚህ ደብር ቁልፍ ነገ በእነዚህ ልጆች እጅ ይገባል። ቁልፍ መያዝን ከዛሬ ጀምሮ በትንሹ ይልመዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።