ልጆቻችንና የዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራ
(በኢዮቤልዩው በዓል ላይ ከትምህርት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው በየቤታችን የሚያከራክር ጉዳይ ነው። ልጅ እዚህ ናይሮቢ ተምሮ ይመረቅና «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምርምር ሥራ አገኘሁ፤ የሁለት ዓመት ኮንትራት ነው» ሲል እናት ቅር ይላታል፤ አባት «ኮንትራት ደግሞ ሥራ ነው?» ይላል።

ዩኒቨርሲቲ የሚቀጥረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በራሱ በጀት የሚከፍለው የመምህርነት ቦታ ሲሆን፣ ይህ ዶክትሬት እየጠየቀ መጥቷል። ሁለተኛው ከምርምር ገንዘብ የሚከፈለው ነው። አንድ ፕሮፌሰር ለጥናቱ ከረጂ ድርጅት ገንዘብ ያገኝና ረዳት ተመራማሪ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ መረጃ ሰብሳቢ ይቀጥራል። ገንዘቡ ሲያልቅ ቅጥሩም ያልቃል። እንግዲህ ኮንትራት የሆነው ልጁ ተንቆ አይደለም፤ ብዙ ተመራማሪዎች የጀመሩት እንዲሁ ነው።

ናይሮቢ በዚህ በኩል የታደለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሮፌሰር ቶማስ ኦዲያምቦ ያቋቋሙት የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ እዚሁ ነው። ይህን ማዕከል ከ2013 እስከ 2023 በዋና ዳይሬክተርነት የመሩት የፍኖተ ሰላም ተወላጅ፣ ዓለማያ የተማሩት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪም፣ በ1994 የተቋቋመው የናይሮቢና የአዲስ አበባ ሁለት ድርጅቶች ተዋሕደው ነው፤ ዛሬም በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ተቋማቱ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን ያሠለጥናሉ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ስዋሂሊ አንድ ላይ የሚናገር ልጅ ለሞያሌ አካባቢ ጥናት ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቡት። ልጆቻችን ግን ይህን በማመልከቻቸው ላይ እንኳ አይጽፉትም!

ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቁ። ትንንሾቹን ቦታዎች ብዙ ጊዜ የሚይዘው የመመረቂያ ጽሑፉን በደንብ ሠርቶ አማካሪው ያወቀው ተማሪ ነው። ለማታውቁት ተመራማሪ ስትጽፉም የትኛውን ጥናቱን እንዳነበባችሁና ምን መሥራት እንደምትችሉ በአንድ ገጽ ግለጹ። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚላክ ደብዳቤ መልስ አያገኝም።

ትልቁ ፈተና ወረቀቱ ነው፤ ወላጆች እዚህ ላይ አድምጡን። በኬንያ የውጭ ዜጋ የተማሪ ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አይደለም። የሥራ ፈቃድ ደግሞ የሚሰጠው ለተወሰነ ሥራና ለተወሰነ ቀጣሪ ስለሆነ፣ ኮንትራቱ ሲያበቃ ልጁ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ወረቀትም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ማን እንደሚያመለክትለት፣ ክፍያውን ማን እንደሚችል፣ ጊዜው ሲያልቅ ማን እንደሚያሳድስለት በጽሑፍ ይጠይቅ። ጥናት ለማካሄድ ከብሔራዊው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ኮሚሽን የሚወጣው የምርምር ፈቃድ ሌላ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ደግሞም በሚታተመው ጽሑፍ ላይ ስሙ ይገባ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ለዶክትሬት ሲያመለክት ከደመወዙ ይልቅ የሚረዳው እሱ ነው።

ከእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ የተገኘበትን የሁለት ዓመት ኮንትራት እኛ ለልጆቻችን እንመርጥላቸዋለን። መልስ ያልተገኘበትን፣ የዩኒቨርሲቲው ስም የቱንም ያህል ቢገን፣ አንመክርም። የኮንትራት ወረቀት የያዘ ካለ ከዝግጅቱ በኋላ ይዞ ይምጣ፤ አብረን እናነበዋለን።