መጥኖ መገንባት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



የምንናገረው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ስትገቡ በበሩ ግራና ቀኝ ስላያችሁት ስለ አዲሱ የጡብ አጥር ነው። ርዝመቱ ከነበሩ 20 ሜትር፥ ቁመቱ 2 ሜትር ነው። የተሠራው እናንተ ወላጆች ባዋጣችሁት ገንዘብ ሲሆን፥ የሚያስፈልገውን ዕቃና ወጪ አስልተን እንድናቀርብ የታዘዝነው ግን እኛ ተማሪዎች ነበርን። ከሰጪዎቹ መካከል የቀን ሥራ ደመወዛቸውን ያመጡ አባቶች፥ ከጉሊት ትርፋቸው የቀነሱ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። እንዲህም ሆኖ እውነቱን እንናገር፤ ሥራው በመጀመሪያ በጣም ቀላል መስሎን ነበር።

20ን በ2 አባዝተን 40 ካሬ ሜትር አገኘን። ጡቡን ብንለካው ርዝመቱ 25፥ ወርዱ 12፥ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ይህን ይዘን አካፈልን። ግንቡ ሁለት ጡብ ጎን ለጎን የሚቆምበት፥ ውፍረቱም 25 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እጥፍ አደረግነውና 5,334 ጡብ ያስፈልጋል ብለን ጻፍን። ሲሚንቶውን ግን በግምት 10 ከረጢት አልን።

ወረቀቱን ለሥራው ለተጠሩት አዛውንት ግንበኛ ብናሳያቸው ጥቂት አዩትና፥ «ልጆቼ፥ ጡባችሁ ይተርፋል፤ ሲሚንቶአችሁ ግን ግንቡ ሳያልቅ ያልቃል» አሉን። «በምን ዐወቁ፥ አባባ?» ብንላቸው ወደ ግቢው ወሰዱን። በመሬት ላይ 1 ካሬ ሜትር አስለኩንና፥ በየጡቡ መካከል የ1 ሴንቲ ሜትር እንጨት እያስገባን እንድንደረድር አዘዙን። ቁራጮቹን ጨምረን ብንቆጥር በአንዱ ረድፍ 67 ሳይሆን 55 ጡብ ብቻ ገባ። ለካስ የሲሚንቶና የአሸዋው ድብልቅ የሚገባበትን ቦታ ረስተነው ኖሯል! ግንባችንንም በወረቀት ላይ ያለ ማጣበቂያ ሠርተነዋል።

ከዚያ በኋላ ከእርሳቸውና ከሒሳብ መምህራችን የተማርነውን፥ ሌላም ሰው እንዲጠቀምበት በቅደም ተከተል እንነግራችኋለን።

አንደኛ፥ የማይገነባውን መቀነስ ነው። የበሩ ክፍት ቦታ 2.5 ሜትር በ2 ሜትር፥ ማለት 5 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ የሚገነባው 35 ካሬ ሜትር ብቻ ሆነ። ለ1 ካሬ ሜትር በሁለቱ ረድፍ 110 ጡብ ሲታሰብ 3,850 ይሆናል። ሲወርድ ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው ከመቶ 5 ብንጨምርበት 4,043 ስለሚመጣ 4,050 አዘዝን። ከመጀመሪያው ቁጥራችን 1,284 ጡብ ቀነሰ ማለት ነው።

ሁለተኛ፥ ድብልቁን ማስላት ነው። የ1 ካሬ ሜትር ግንብ ይዘት 0.25 ሜትር ኩብ ነው። 110 ጡብ ከዚህ ውስጥ 0.198 ይይዛል፤ የቀረው 0.052 የድብልቁ ቦታ ነው። ለ35 ካሬ ሜትር 1.82 ይሆናል፤ ለሚፈሰውና ለሚባክነው ጨምረን 2.1 ሜትር ኩብ አልን። ነገር ግን ደረቁ ሲሚንቶ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ስለሚሞላ፥ ሁለቱ በውኃ ሲለወሱ መጠናቸው ያንሳል። ስለዚህ በ1.3 አባዝተን 2.73 ሜትር ኩብ ደረቅ ዕቃ እንደሚያስፈልግ ዐወቅን። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፥ አራት እጅ አሸዋ ነው። 1 ሜትር ኩብ ሲሚንቶ 1,400 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ ባለ 50 ኪሎ 16 ከረጢት፥ ማለት 8 ኩንታል ሲሚንቶ፥ ደግሞም 2.2 ሜትር ኩብ አሸዋ ደረሰብን። በግምታችን ብንሄድ ኖሮ 6 ከረጢት ይጎድለን ነበር። ሲሚንቶ ሲጠፋ ግንበኛው ቱምቢውን ይዞ ይቀመጣል፤ የቀን ሒሳቡ ግን አይቀመጥም።

ሦስተኛ፥ የእጅ ዋጋ ነው። ግንበኛው ከነረዳታቸው በመጀመሪያው ቀን የሠሩትን ብንለካ 5 ካሬ ሜትር ሆነ፤ ስለዚህ ለ35ቱ የ7 ቀን ደመወዝ ያዝን። ማጓጓዣና ማውረጃም ለብቻቸው ተጻፉ። የቀድሞው አጥር የድንጋይ መሠረት በግንበኛው ተመርምሮ ደኅና ሆኖ ስለ ተገኘ አላሰላነውም፤ አዲስ መሠረት ለሚቆፍር ሰው ግን ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ወጪ ነው።

አራተኛ፥ ዋጋን ከገበያ እንጂ ከወሬ አለመውሰድ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት መደብሮችን ጠይቀን፥ የጠየቅንበትን ቀን ከዋጋው አጠገብ ጻፍን፤ ዋጋ ይለዋወጣልና። በድምሩም ላይ ከመቶ 10 መጠባበቂያ ጨመርን። ይህም አልከፋም፤ አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ አሸዋችንን ጠርጎ ቢወስድብን የተተካው ከዚሁ ነው። የተረፈው መጠባበቂያ ለወላጆች ኮሚቴ ተመልሷል።

ክቡራን ወላጆቻችን፤

አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ሲሉ ስንሰማ ነገሩ የማጀት ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ግን የሰው ገንዘብ በእጁ የገባ ሁሉ ሊያስበው የሚገባ ቃል መሆኑን ተረድተናል። የተሳሳተው የመጀመሪያ ወረቀታችንና የታረመው ሁለተኛው፥ ሁለቱም በቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ስሕተቱን ያልቀደድነው ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች እንዲማሩበት፥ እናንተም የሰጣችሁት እያንዳንዱ ብር በየትኛው ጡብ ላይ እንዳረፈ እንድታዩ ብለን ነው። ስትወጡ ጎራ ብላችሁ ተመልከቱልን፤ የቀረ ስሕተት ብታገኙም ንገሩን።