መድኃኒት የሚሰጣችሁ ሰው ማነው?

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን መድኃኒት ስለሚያድሉ ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ነው። ርዕሱን የመረጥነው ቤት ለቤት ስንዞር ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን ጥያቄ ስላለ ነው። «የክሊኒኩ ወረፋ ረጅም ነው፣ ከሱቅ ገዝተን ብንውጥ ምን አለበት?» ትሉናላችሁ። ወረፋው ረጅም መሆኑ እውነት ነው። የካኩማ ፀሐይም የምታውቁት ነው። ግን ከየትኛው ሱቅ ነው የምትገዙት? ማንስ ነው የሚሸጥላችሁ?

በኬንያ «ኬሚስት» ወይም «ዱካ ላ ዳዋ» የምንለውን መድኃኒት ቤት ከፍተው መድኃኒት የሚያድሉት ሁለት ዓይነት የተመዘገቡ ባለሙያዎች ናቸው። አንደኛው ፋርማሲስት ነው፤ 5 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ አንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ያደርጋል። ሁለተኛው በዲፕሎማ ደረጃ 3 ዓመት የተማረው ፋርማሲዩቲካል ቴክኖሎጂስት ነው። ሁለቱንም የሚመዘግባቸውና የሚቆጣጠራቸው የፋርማሲና የመርዝ ቦርድ ነው። ፈቃዳቸው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለማሳደስም ተከታታይ ትምህርት መውሰድ አለባቸው። ሱቁም ለብቻው ፈቃድ ያወጣል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የባለሙያውንና የቤቱን ወረቀት ፈልጉ። ዓመተ ምሕረቱንም ተመልከቱ። ማንበብ የሚቸግራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጃችሁን ይዛችሁ ግቡ። «ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ሰው ሲጠየቅ አይቆጣም።

«ወረቀት ያድናል ወይ?» የሚል አይጠፋም። አንድ ነገር ልንገራችሁ። በቅርቡ ለጉብኝት ከገባሁባቸው ቤቶች በአንዱ አንድ የስኳር ሕመምተኛ አባት «መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው፣ ግን አፌን ብረት ብረት ይለኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሽንት ማታ ማታ አላስተኛ አለኝ» አሉኝ። ስትሪፑን አምጥተው አሳዩኝ። ለስኳር የታዘዘላቸው ሜትፎርሚን ነበር። በእጃቸው ያለው ግን ሜትሮኒዳዞል፣ ብዙዎቻችን ፍላጂል ብለን የምናውቀው የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት ነው። ክሊኒክ የሰጧቸው ሲያልቅ ከአንድ ሱቅ ስሙን በቃል ተናግረው ገዙ፤ ሻጩም የመጀመሪያውን ፊደል ሰምቶ ከመደርደሪያ አንስቶ ሰጣቸው። ማዘዣ አልጠየቀም። «ለምን ሕመም ነው?» አላለም። ስኳራቸው ሲለካ በጣም ከፍ ብሎ ስለነበር በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ተላኩ።

እነዚህ ሁለት ስሞች የሚያምታቱት የእኛን ሰፈር ሰው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ስለ መድኃኒት ስሕተት የሚያጠናው ተቋም በሚመሳሰሉ ስሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ የሚለያየው የስሙ ክፍል በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት እንዲጻፍም ይመክራል። በዚያ አገር ፋርማሲስቶች ከዲግሪያቸው በላይ በመድኃኒት ደኅንነት ላይ ብቻ ተምረው የምስክር ወረቀት ያገኛሉ። የሚማሩት ስሕተት ከየት እንደሚጀምር ነው፤ ከሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ ነው? ከመደርደሪያው አቀማመጥ ነው? ወይስ በቃል ከተነገረ ስም? የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. «ጉዳት የሌለው መድኃኒት» በሚል መሪ ቃል በመድኃኒት አሰጣጥና አወሳሰድ ስሕተት የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ዘመቻ ጀምሮ ነበር።

ባለሙያን ከነጋዴ የምትለዩበት ቀላሉ መንገድ ጥያቄው ነው። ነጋዴ «ስንት ልስጥህ?» ይላል። ባለሙያ ግን መድኃኒቱ ለማን እንደሆነ፣ ዕድሜውንና ክብደቱን ይጠይቃል። እርጉዝ ነሽ? ታጠቢያለሽ? ፔንሲሊን አስቆጥቶሽ ያውቃል? ሌላ የምትወስጂው አለ? ይላል። ጥያቄው አያሰልቻችሁ። የወባ መድኃኒቱን ኮአርተምን ውሰዱ፤ ከ5 እስከ 15 ኪሎ ለማይሞላ ልጅ በአንድ ጊዜ 1 ፍሬ ነው፣ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 4 ፍሬ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ3 ቀን፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር። ሕፃኑን ሳይመዝን ወይም ክብደቱን ሳይጠይቅ የሚሰጥ ሰው እየገመተ ነው። ፓራሲታሞልም እንዲሁ ነው። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፣ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ብዙዎቹ የጉንፋን ድብልቅ ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን ደራርቦ የሚውጥ ሰው ሳያውቀው መጠኑን ያልፋል።

የሙቀቱም ነገር አለ። ብዙ መድኃኒቶች ላይ «ከ30 ዲግሪ በታች አስቀምጥ» ተብሎ ተጽፏል። በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ከሳሙናና ከዘይት ጋር ቀኑን ሙሉ የዋለ ኪኒን ስንት ዲግሪ እንዳየ ራሳችሁ ገምቱ።

አሁን የምናገረው ቅር የሚያሰኛቸው ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። በአገራችን ፋርማሲ የተማሩ፣ ዛሬ በየብሎኩ አብረውን የሚኖሩ አሉ። በአማርኛ ያስረዳሉ፣ ዱቤ ይሰጣሉ፣ ሌሊትም ቢጠሩ ይመጣሉ። እውቀታቸውን አልንቅም፤ እኔም ዲፕሎማዬ በነርስነት ስለሆነ ከእነርሱ ብዙ ተምሬአለሁ። ነገር ግን በውጭ አገር የተማረ ሰው እዚህ መድኃኒት ለማደል በቦርዱ ማስረጃው ተመርምሮ፣ ፈተና አልፎ መመዝገብ አለበት። የተመዘገበ ሰው ቢሳሳት ስሙ መዝገብ ላይ ስላለ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ያልተመዘገበው ሱቁን ቆልፎ ወደ ሌላ ብሎክ ቢሄድ ለማን አቤት ትላላችሁ? እነዚህ ወገኖቻችን አብረዋችሁ ወደ ኬሚስት ሄደው ቢያስተረጉሙላችሁ ግን ትልቅ ውለታ ነው።

በዚህ ሳምንት እቤታችሁ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የሚወሰደውንም የተረሳውንም፣ በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ወደ ክሊኒኩ አምጡ፣ አብረን እናየዋለን። ካርቶኑንና ስትሪፑን አትጣሉ፤ ስሙና የሚያበቃበት ቀን ያለው እዚያ ላይ ነው። መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ሰውነቱ ሽፍ ያለበት፣ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ግን ቀጠሮም ወረፋም አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን የወሰደውን መድኃኒት ይዛችሁ ወዲያው አምጡት።