ብድርና ይርጋ፦ ከመፈረማችን በፊት እንወቅ
(በካኩማ መጠለያ ጣቢያ ለነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)



 እኛ መምህራን እንጂ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም። ይሁን እንጂ በቅርቡ የገጠመን ነገር ዝም እንድንል አላስቻለንም።

ከማታ ተማሪዎቻችን አንዲት እናት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይዘው መጡ። ከስምንት ዓመት በፊት ልጃቸው ሲታመም ከአበዳሪ 6,000 ሽልንግ ወስደው ነበር። አሁን ሰውየው ወለዱን ደምሮ 40,000 አድርሶታል። «ፈርሚ ብቻ፣ ለደንቡ ነው» አላቸው። ወረቀቱ ግን ዕዳውን በሙሉ አምኜ በስድስት ወር እከፍላለሁ የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ቀደም ሲል ተመሳሳይ ወረቀት ላመጣ ሌላ ወገናችን «ፈርመህ ተገላገል» ብለን የመከርነው እኛው ነን። ሳናውቅ ጎዳነው። ከዚያ በኋላ ጠይቀን የተረዳነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ።

ሕግ ለክስ የጊዜ ገደብ ያበጃል። ይህም በአማርኛ ይርጋ ይባላል። ዘመን ባለፈ ቁጥር ወረቀት ይጠፋል፣ ምስክር ይሞታል፣ ሰውም ይረሳል። ስለዚህ አበዳሪ መብቱን በጊዜው እንዲጠይቅ፣ ተበዳሪም ዕድሜ ልኩን በክስ እየተሰጋ እንዳይኖር ታስቦ የተደነገገ ነው።

አሁን ባለንበት በኬንያ ሕግ፣ በውል ላይ የተመሠረተ የዕዳ ክስ በስድስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ቆጠራው የሚጀምረው መክፈያው ቀን ደርሶ ሳይከፈል ከቀረበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ! ተበዳሪው ዕዳውን በጽሑፍ አምኖ ከፈረመ፣ ወይም ከዕዳው ጥቂትም ቢሆን ከከፈለ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ለምሳሌ በአውሮፓ አቆጣጠር በማርች 2015 መከፈል የነበረበት ዕዳ እስከ ማርች 2021 ድረስ ያስከስሳል። ተበዳሪው በማርች 2019 500 ሽልንግ ከከፈለ ግን ጊዜው እስከ ማርች 2025 ይራዘማል። ስድስቱ ዓመት ካለፈ በኋላም ቢሆን የእምነት ወረቀት መፈረም ያንቀላፋውን ዕዳ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ሳያማክሩ መፈረም አይገባም።

አገር ቤት የተበደርን ወይም ያበደርን ደግሞ አለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ፣ ለውል ጉዳይ አሥር ዓመት ይሰጣል። እዚያም ቢሆን ዕዳን ማመን፣ ወለድ ወይም ከፊሉን መክፈል፣ እንዲሁም ክስ መመሥረት ቆጠራውን ያቋርጠዋል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ነው። በዚሁ ሕግ ግለሰቦች በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ መዋዋል አይችሉም። ዳኛው ይርጋን በራሱ አያነሣም፤ «ጊዜው አልፏል» ብሎ መቃወም ያለበት ተከሳሹ ነው። መጥሪያ ደርሶት የቀረ ሰው ይህ መከላከያ ያመልጠዋል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ብድር ስንወስድም ስንሰጥም ቀኑን፣ መጠኑንና መክፈያውን እንጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ እንቀበል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

ሁለተኛ፣ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አንፈርም፣ የጣት አሻራም አናድርግ። አስቀድመን የሕግ ምክር ለሚሰጡ ሠራተኞች እናሳይ።

ሦስተኛ፣ የራሽን ካርድ ወይም መታወቂያ ለብድር መያዣ አንስጥ። የተወሰደበት ሰው አፍሮ አይደበቅ፣ ለጥበቃ ክፍል ያመልክት።

አራተኛ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሰን አንሽሽ። ቀርበን መልስ እንስጥ።

በመጨረሻም አንድ ነገር። ይህን የምንናገረው የሰው ገንዘብ እንዲካድ አይደለም። ለጎረቤቱ ከጉሮሮው ቀንሶ ያበደረ ሰው ገንዘቡ ሊመለስለት ይገባል፤ ብድር በምድር ነውና። እንዲህ ያለ አበዳሪም ይሉኝታ ይዞት ስድስት ዓመት ዝም ካለ የክስ መብቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ በጊዜው በሽማግሌም ሆነ በሕግ ይጠይቅ። እኛ የምንቃወመው የችግረኛን አለማወቅ ንግድ የሚያደርገውን ነው።

እኒያ እናት ወረቀቱን ሳይፈርሙ ወደ ሕግ አማካሪዎች ወስደውታል። የወሰዱትን 6,000 ሽልንግ ግን «የልጄ መዳኛ ነበር፣ አልክደውም» ብለዋል። እንዴትና መቼ እንደሚመልሱት ተመክሮበት፣ በራሳቸው ፈቃድ ይወስናሉ። ቀድሞ ያሳሳትነውንም ወንድማችንን ይቅርታ ጠይቀን ወደዚያው ወስደነዋል።