ሣጥኑ የተከፈተ ራዲዮ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከሊበን በመጡ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በሊበን፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር ያደግን ልጆች ራዲዮን የምናውቀው በድንጋይ ሲሠራ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ጥቂት ነፍስ ሲዘራ ዜና ይሰማበታል። ሣጥኑን ልክፈተው ያለ ልጅ ግን አለንጋ ይቀምስ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንገባም የራዲዮን ነገር የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተሣለ ሥዕል ነው። ፈተናውን አለፍን፤ ሣጥኑ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። የዛሬው ንግግራችን ይህ ሣጥን እንዴት እንደሚከፈት ነው።

በቀድሞው ራዲዮ ሞገዱን የሚመርጡት፣ የሚያጣሩትና ወደ ድምፅ የሚለውጡት በውስጡ የተበየዱት ክፍሎች ናቸው። ስለዚህ ለአንድ ሥራ የተሠራው ለሌላ አይውልም። በሶፍትዌር ራዲዮ ግን አንዲት ትንሽ መቀበያ አንቴናው የያዘውን ሞገድ ወደ ቁጥር ትለውጣለች፤ የቀረውን ኮምፒዩተሩ በሂሳብ ይፈጽመዋል። ፕሮግራሙ ሲለወጥ ያው መሣሪያ ሌላ ራዲዮ ይሆናል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ዋና ከሆኑት ፕሮግራሞች አንዱ ግኑ ራዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤሪክ ብሎሰም ጀመረው። የተጻፈበት ኮድ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ለሌላ ሊያድለው ይችላል። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2012 ቴሌቪዥን በኮምፒዩተር ለማየት የተሠራች፣ ጣት የምታህል ርካሽ መቀበያ ጥሬውን ቁጥር ለኮምፒዩተር ማቀበል እንደምትችል ታወቀ። ይህች መቀበያ እንደ ዓይነቷ ከ24 እስከ 1700 ሜጋኸርትዝ ገደማ ትሰማለች። ሞገዱንም በሴኮንድ እስከ 2.4 ሚሊዮን ጊዜ ትለካለች፤ እያንዳንዱን ልክ የምታስቀምጠው በ256 ደረጃዎች ነው። በእርሷ የኤፍ ኤም ጣቢያን መስማት፣ በ1090 ሜጋኸርትዝ አውሮፕላኖች የሚልኩትን የከፍታና የቦታ መግለጫ ማንበብ ይቻላል። ተገቢው አንቴናና ማጉያ ከተጨመረ በ1420 ሜጋኸርትዝ የሚመጣውን የሰማይ ሃይድሮጅን ሞገድ መለካትም ይቻላል።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ይኖራል። መልሱ በራሳችን ላይ ያለው ሰማይ ነው። የማግኔት መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ተጋድሞ የሚቆምበት መሥመር፣ የማግኔት ወገብ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ከአዲስ አበባም አይርቅም። ከዚህ መሥመር በላይ፣ ከምድር 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ፣ ይልቁንም በመስከረምና በመጋቢት ገደማ፣ ከዚያ በላይ ያለው አየር ይታወክና ከሳተላይት የሚመጣውን የጂፒኤስ ሞገድ ያርገበግበዋል። ስለዚህ ነው ከሰኔ 1949 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በቆየው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፒየር ጉዌን አማካይነት የጂኦፊዚክስ መመልከቻ የተቋቋመው። በእኛ ዘመንም በባሕር ዳር ይህንኑ የሞገድ መርገብገብ የሚከታተል የጂፒኤስ መቀበያ ተተክሎ፣ የአገራችን ልጆች ጥናት ጽፈውበታል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል ናቸው። እንግዲያስ ያ ሰማይ የእኛም ነው።

ነገሩን ከልክ በላይ አናግንነው። ርካሿ መቀበያ የትልቁን ምርምር ጣቢያ መሣሪያ አትተካም። አጠገቧ ብርቱ ጣቢያ ካለ ትደነቁራለች። የጂፒኤስን ሁለት ድግግሞሾች፣ 1575.42ንና 1227.60 ሜጋኸርትዝን፣ ባንድ ጊዜ መያዝ አይሆንላትም፤ ስለዚህ በሁለቱ የመዘግየት ልዩነት የሚደረገውን ልኬት ብቻዋን አትሠራም። ነገር ግን በአንደኛው ድግግሞሽ የሞገዱ ኃይል ከምሽት በኋላ ሲርገበገብ ልትመዘግብ ትችላለች። ለጀማሪ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። በጎጃም የቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ በማድነቅ ብቻ አይመረቅም። ግሱንና አገባቡን ይማራል፤ ሰምና ወርቁን ይለያል፤ ከዚያም የራሱን ቅኔ ለመምህሩ ያቀርባል፤ ይታረማል። የተዘጋ መሣሪያ ሰሙን ብቻ ያሰማናል። አንዱን ቁልፍ ስንጫን ውጤት ይሰጠናል፤ ውጤቱ ስሕተት ቢሆን ግን የት እንደ ተሳሳተ አናውቅም። ሲበላሽም ጥግ ይዞ አቧራ ይጠጣል። በተከፈተው ፕሮግራም ግን ማጣሪያው እንዴት እንደ ተጻፈ እናያለን፤ እንለውጠዋለን፤ ብናበላሸውም እንደ ገና እናስተካክለዋለን።

ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡን ሁላችን እናስታውሳለን። ፈቃዱን በየጊዜው ከሩቅ አገር የሚጠይቅ ፕሮግራም እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ይፈይዳል? ነጻው ፕሮግራም ግን አንድ ጊዜ በፍላሽ ከተገለበጠ በኪስ ተይዞ ወደ ገጠር ይሄዳል፤ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይሠራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የማኅበራችን አባላት ከኪሳችን አዋጥተን ጥቂት መቀበያዎች እንግዛ። ሁለተኛ፣ መምህሮቻችን በቤተ ሙከራ ሰዓት ከሥዕሉ ጎን እውነተኛውን ሞገድ እንድናይ ይፍቀዱልን። ሦስተኛ፣ በአማርኛ አጭር መመሪያ ጽፈን፣ በክረምት ዕረፍት ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና ወደየወረዳችን ስንመለስ ለታናናሾቻችን እናሳያቸው። አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ፤ የእኛ ሥራ መቀበል እንጂ ያለ ፈቃድ ማሠራጨት አይደለም።

እኛ ሣጥኑን ልንከፍት ብለን ተገርፈናል። ታናናሾቻችን ግን ሣጥኑን ከፍተው፣ የተሳሳተውን አርመው፣ «በእኛ ሰማይ ላይ ዛሬ ማታ የሆነው ይህ ነው» ብለው ራሳቸው የሚናገሩ ይሁኑ።